ቃሉን አውቃለሁ፣ ስናገረው ግን አይገባቸውም

ጥያቄ፦ ከኮዬ ፈጬ እየተመላለስኩ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቻይንኛ እማራለሁ። ቃላቱን በፊደላችን ጽፌ አውቶቡስ ላይ አጠናለሁ። ስናገር ግን መምህራችን አይገባቸውም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ችግሩ በፊደላችን መጻፍዎ ነው። የማንዳሪን (የመደበኛው ቻይንኛ) 4 ቃናዎች፣ ማለትም የቃሉን ትርጉም የሚለውጡት የድምፅ መውጣትና መውረዶች፣ በፊደላችን አይታዩም። «ማይ» በ3ኛው ቃና፣ ዝቅ ብሎ ሲነሳ፣ መግዛት ነው፤ በ4ኛው፣ ከላይ ሲወድቅ፣ መሸጥ ነው (ገበያ ውስጥ ቢምታታብዎ ያስቁብዎታል)። ቃላቱን ከነቃና ምልክታቸው በፒንዪን (ቻይንኛ በላቲን ፊደል በሚጻፍበት ሥርዓት) ይጻፉ። ሁለት 3ኛ ቃናዎች ሲከታተሉ የፊተኛው እንደ 2ኛው ይነሳል፤ «ኒ ሃው» በሚለው ሰላምታ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ይህን ነው። አውቶቡስ ላይ ማዳመጥ ብቻ ይበቃዎታል። ቤትዎ ሲገቡ 10 ቃል ጮክ ብለው ተናግረው ድምፅዎን ይቅዱና ከመማሪያው ድምፅ ጋር ያስተያዩ።