ደብረ ብርሃን ላይ በጥሩ ቸኮሌት ለመጀመር

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፦ ከውድ ቸኮሌትና ከኮርስ የትኛው ይቅደም፣ አቅልጠሽ ያፈሰስሽውስ ለምን ነጣ? እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ኬክ ቤት ስለምሠራ ከሁለተኛው ልጀምር።

የነጣው አልተበላሸም፤ ብዪው። የካካዎ ቅቤ ሲረጋ የሚይዘው ቅርጽ ብዙ ዓይነት ነው፤ የሚያብረቀርቀውና ቀጭ ብሎ የሚሰበረው ግን አንዱ ብቻ ነው። አቅልጦ ዝም ብሎ ማፍሰስ ያንን አይሰጥም። ከጥቁሩ ቸኮሌት ሲሶውን ከትፈሽ ለብቻው አስቀምጪ፤ የቀረውን በእንፋሎት ላይ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ አቅልጪ። ከእሳት አውርደሽ የተከተፈውን ጥቂት በጥቂት እየጨመርሽ አማስዪ። ያልቀለጠው መልካሙን ቅርጽ ይዞ ስለሚገባ፣ እርሾ ሊጥን እንደሚያስከትል፣ ሌላውን ያስከትለዋል። 31 ወይም 32 ዲግሪ ሲደርስ ሥሪበት፤ የወተቱ ቸኮሌት በሁለት ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ የቢላ ጫፍ ነክረሽ ሞክሪ፤ በጥቂት ደቂቃ ረግቶ ካላበራ አታፍስሺ። ይህ ሁሉ ያለ ቴርሞሜትር አይሆንም። በጣት ለክቶ የሚያውቅ ባለሙያ አለ፤ ጀማሪ ግን አይደለም።

ብርዳችን ያግዛል፤ ቸኮሌቱን ለማርጋት ማቀዝቀዣ ብዙም አያስፈልግሽም። ማለዳ ግን ጠረጴዛውና ቅርጽ ማውጫው በረዶ ስለሚሆኑ ቸኮሌቱ ሳይስተካከል ይደርቃል፤ ቀድመሽ ለብ አድርጊያቸው። ለሠርግ ወደ ሸዋ ሮቢት የምትልኪ ከሆነ ደግሞ ከማቀዝቀዣ የወጣውን ቆላው ሙቀት ላይ ወዲያው እንዳይከፍቱት ንገሪያቸው። ላብ ያወጣል፤ ላቡ ስኳሩን ያሟሟዋል፤ ሲደርቅም ነጭ ሆኖ ይቀራል። እንደታሸገ ሙቀቱን ይልመድ።

ሌላው ከፍታችን ነው። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ መጽሐፍ 118 ዲግሪ አድርሺ የሚልሽን የስኳር ሽሮፕ 108 ወይም 109 ላይ አውርጂ፤ አለበለዚያ ከሚፈለገው በላይ ይጠነክራል።

ስለ ግዢው፦ «70 በመቶ» የሚለው ጽሑፍ የካካዎውን መጠን እንጂ ጥራቱን አይነግርሽም። ጀርባውን አንብቢ። በካካዎ ቅቤ ፈንታ የአትክልት ስብ የገባበት ርካሽ ነው፣ ሳይደክሙበትም ይረጋል፤ አፍ ላይ ግን እንደ ሻማ ይቀራል። ባለሙያዎች ኩቨርቸር የሚሉት ጥቁር ቸኮሌት በአውሮፓ ሕግ ቢያንስ 31 በመቶ የካካዎ ቅቤ ሊኖረው ይገባል።

ጥሩውን ቸኮሌት ለልምምድ ስትገዢ በጋናሽ፣ ማለትም በክሬምና በቸኮሌት ድብልቅ፣ ጀምሪ፤ ያን ሁሉ የዲግሪ ጣጣ አይጠይቅም። ለመቀባት እኩል በእኩል ክሬምና ቸኮሌት፣ ለሚድቦለቦል ደግሞ ቸኮሌቱን እጥፍ አድርጊ። ለጾም ክሬሙን ትተሽ ሁለት እጅ ጥቁር ቸኮሌት ላይ አንድ እጅ ትኩስ ውሃ አፍስሺና ከመሐል ጀምረሽ አማስዪ። ውሃ ቸኮሌት ያበላሻል ሲባል ሰምተሽ ይሆናል፤ የሚያበላሸው ጠብታው ነው። ጠብታ ስኳሩንና የካካዎውን ዱቄት ያጓጉለዋል፤ በርከት ሲል ግን መልሶ ይፈታዋል። በሁዳዴ ከሁሉ በላይ የሚሸጥልኝ ይኸው ነው። ብቻ ጥቁር በተባለው ውስጥም የወተት ዱቄት ሊኖር ስለሚችል አሁንም ጀርባውን አንብቢ።

ኮርሱን ከዚህ በኋላ አስቢበት። ከመክፈልሽ በፊት ግን በእውነተኛ የካካዎ ቅቤ ቸኮሌት ነው ወይስ በአትክልት ስቡ የሚያስተምሩት ብለሽ ጠይቂ። በሁለተኛው ከሆነ ገንዘብሽን ለቴርሞሜትርና ለአንድ ኪሎ ጥሩ ቸኮሌት አውዪው።