መልስ፦ ጭሱ ወደ ሳሎን ስለሚመለሰው ምድጃ

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ለአዲስ ቤት አበቃህ! ሚኒሶታ የገዛኸው ቤት ምድጃ ጭሱን ወደ ሳሎን እየመለሰ አስቸግሮሃል። መጀመሪያ ከምድጃው በላይ ያለው የጭስ መዝጊያ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እይ። ተከፍቶም ከጨሰ አታንድድ፤ ጭስ ማውጫ የሚጠርግ ባለሙያ ጥራ። ክሪዮሶት የሚሉት፣ ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚጋገር ጥቁር ጥላሸት አለ። እሱ ራሱ እሳት ይይዛል፤ ከያዘ ደግሞ ቤቱንም ሊያቃጥል ይችላል። ባይጨስም በዓመት አንዴ አስፈትሸው። እርጥብ እንጨት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ተፈልጦ ቢያንስ 6 ወር የደረቀ ግዛ። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አድርገህ ከቤት አርቀው፤ ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ (ከእሳት የሚወጣ ገዳይ ጋዝ) ማንቂያ ከሌለህ ዛሬውኑ ግጠም፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። ለቡና ብለህ ደግሞ ምድጃው ውስጥ ከሰል እንዳታቀጣጥል፣ አደራ! ለጀበናው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል።