አርባዋ ሲደርስ ገንዘብ ብቻ አትላኩ

ውጭ አገር ለምንኖር ልጆች፣ እናታችን አገር ቤት ስታርፍ መርዶው በንጋት በር አንኳክተው በሚመጡ ወዳጆች መነገሩ እየቀረ ነው። አሁን ፌስቡክ ይቀድማል። ሁለት ሦስት ቀን ቤቱ በለቀስተኛ ይሞላል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። አርባው ሲቃረብ ከአገር ቤት ይደወላል። የድንኳኑ፣ የበሬው፣ የመጠጡ ሒሳብ ይነገራችኋል። ትልካላችሁ፤ አለቀ።

ገንዘቡን ላኩ፣ ክፋት የለውም። ማስታወሱን ግን አብራችሁ አትላኩት።

መጀመሪያ የክርስትና ስሟን እወቁ። ቀላል ይመስላል፣ ግን የእናቱን የክርስትና ስም የማያውቅ ስንቱ ነው! ካህኑ በጸሎት የሚያነሷት በመታወቂያ ስሟ አይደለም፤ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል፣ አመተ ሥላሴ እያሉ ነው። አክስት ወይም የንስሐ አባቷ ያውቁታል። እነሱም ሳያልፉ ጠይቁ። በዚያው የአባታችሁንም ጻፉት፤ የራሳችሁንም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ቀጥሎ ቀኑ ነው። በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅ፣ በዓመትና በ7 ዓመት ጸሎት አለ። ሕዝቡ አጥብቆ የያዘው ሰልስትን፣ አርባንና ሙት ዓመትን ነው። ቆጠራውን በእኛ ወር አድርጉት፤ 30 ቀን ስለሆነ ይቀላል። መስከረም 5 ያረፈች እናት፣ ያ ቀን አንድ ተብሎ ከተቆጠረ፣ አርባዋ ጥቅምት 14 ይውላል። ሙት ዓመቷን ስልካችሁ ላይ በፈረንጅ ቀን ብቻ ከመዘገባችሁት ደግሞ አንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ሊስታችሁ ይችላል። ጳጉሜን 6 ስትሆን መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይገፋል። የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ እንደዚያ ነበር።

ውጭ አገር ብዙ ቦታ ቅዳሴ የሚኖረው ቅዳሜና እሑድ ነው። አርባው ማክሰኞ ከዋለ አስተዳዳሪውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ዕለቱ ሲደርስ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዛችሁ ራሳችሁ ሂዱ። ልጆቹንም ውሰዱ፣ የአያታቸው ስም ሲጠራ ይስሙ። በሰሙነ ሕማማት ግን ፍትሐት የለም። ለዚህም ነው በሆሣዕና ዕለት፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ አስቀድሞ የሚጸለየው። እና ካህኑ «ከፋሲካ በኋላ ይሁን» ቢሏችሁ ቅር አይበላችሁ።

ወደ ድግሱ ልምጣ። ተዝካር ነዳያን በልተው «ነፍስ ይማር» የሚሉበት ነው። ዛሬ ዛሬ ግን ነዳያኑ በር ላይ ቆመው፣ ውስጥ በመኪና የመጣ እንግዳ ሦስተኛ ቢራውን ይከፍታል። ቪዲዮ አንሺ ሳይቀር ይቀጠራል፤ ለማን እንደሆነ እንጃ። የሚሻለው ከምትልኩት ግማሹ በቀጥታ ለነዳያን ምሳ እንዲውል ቁርጥ አድርጋችሁ መናገር ነው። «ሰው ምን ይለናል?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ይበል። የእድሩን ሰዎች ግን እንዳትረሱ። ድንኳን የተከሉት፣ አስከሬን የተሸከሙት፣ ማታ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ያመሹት እነሱ ናቸው፤ በክብር ይስተናገዱ። ጾም ላይ ከዋለ ደግሞ ሽሮና ምስር ይበቃል፣ ወጪውም ይቀላል።

ለእኔ ግን ከድግሱም ከእብነ በረዱ መቃብርም የሚበልጠው እሷ የጀመረችውን አለማቋረጥ ነው። በየወሩ በ12 የሚካኤልን ጽዋ ትጠጣ ከነበረ ማኅበርተኞቿ ዛሬም አሉ። ተራዋ ሲደርስ ዳቦውንና ጠላውን አዘጋጁላቸው፤ ቢያንስ ደውላችሁ ድምፃቸውን ስሙ። ልጆቿ የማታውቋቸውን ታሪኮች የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጎረቤቶቿንም ጠይቁ፦ ማንን ትረዳ ነበር? ደብተር የምትገዛለት ልጅ፣ እሑድ እሑድ ምሳ የምትልክላቸው አሮጊት ይኖራሉ። እናታችሁ ለእናንተ ሳትነግራችሁ ነው ያደረገችው። እሷ ስታርፍ ያ ሁሉ ቆሟል። ከየትኛውም ድንኳን ባነሰ ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ይቀጥላል።

ሳዑዲ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ፈቃድ ማግኘትም ቀላል አይደለም። ስሟንና ቀኑን ለአገር ቤት ካህን አሳስቡ። ማታ ሥራችሁን ስትጨርሱ ዳዊታችሁን አንብቡላት። «ምንም አላደረግሁላትም» እያላችሁ ራሳችሁን አትብሉ።

አንድ የሚያነታርክ ነገር ቀርቷል። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ፕሮቴስታንት ሆኖ ተዝካርና ፍትሐት አላምንበትም የሚልበት ብዙ ቤት አለ። ጎትታችሁ አታስገቡት፣ «እናቱን ካደ» ብላችሁም በዘመድ መሐል አታሳጡት። የነዳያኑን ምሳና እናቱ ደብተር ትገዛለት የነበረውን ልጅ የትምህርት ወጪ እሱ ይያዘው። በዚያ የሚከራከር አላየሁም።