የእድር ጡሩምባ በኒው ኦርሊንስ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር ስለ አሜሪካዋ ከተማ ስለ ኒው ኦርሊንስ ጥቂት ጽፌ፣ «ሄዳችሁ የምታውቁ ምን እንደተሰማችሁ ንገሩኝ» ብዬ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። ከዳላስ፣ ከአትላንታ፣ ከአዲስ አበባም ጭምር። ከተማዋን የወደዳትም፣ ተናዶባት የተመለሰም አለ። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል ሰባት ጥያቄ መርጫለሁ። እኔ የምኖረው ሂዩስተን ነው። ኒው ኦርሊንስ በመኪና ከአምስት ሰዓት ትንሽ ብታልፍ ነው፤ ስለዚህ ደጋግሜ ሄጃለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«በርበን ስትሪት፣ በርበን ስትሪት ሲባል ሰምተን ሄድን። ስካርና ሽታ ብቻ አይተን ተመለስን። ሰው የሚያደንቀው ምኑን ነው?» (ባልና ሚስት፣ ከዳላስ)

እውነታችሁን ነው። በርበን ስትሪት ማታ ማታ ጩኸት ነው። እዚያ መጠጥ በፕላስቲክ ኩባያ ይዞ መንገድ ላይ መሄድ ይፈቀዳል፤ የሚሆነውን መገመት አያቅትም። ጠዋት አስፋልቱን ሎሚ ሎሚ በሚሸት ውሃ ያጥቡታል። ሽታው ግን ሙልጭ ብሎ አይለቅም። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ እንደናንተ ከፍቶኝ ነበር።

ያያችሁት ግን አንድ መንገድ ነው። ከዚያው ሦስት ብሎክ ብትርቁ ራምፓርት ስትሪትን ታገኛላችሁ። ራምፓርትን ተሻግራችሁ በጃዝ ሙዚቀኛው በሉዊ አርምስትሮንግ ስም የተሰየመው መናፈሻ ውስጥ ግቡ። ኮንጎ ስኩዌር የሚባል በድንጋይ የተነጠፈ አደባባይ አለ። በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን እሁድ እሁድ እዚህ ይሰበሰቡ ነበር። ከበሮ ይመታሉ፣ በየቋንቋቸው ይዘፍናሉ፣ ያመረቱትን ይሸጣሉ። ከዚያ ካጠራቀሙት ነጻነታቸውን የገዙም ነበሩ። በ1817 የከተማው አስተዳደር ስብሰባው በአንድ ቦታ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። በብዙ የደቡብ ግዛቶች ከበሮ ክልክል በነበረበት ዘመን እዚህ ግን ይመታ ነበር። የጃዝ አንዱ ሥር እዚህ ነው። ጠዋት በማለዳ ሂዱ። ሰው ሳይበዛ፣ ዛፎቹ ሥር ቁጭ ብላችሁ ዝም በሉ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ሌላ ትሆንባችኋለች።

ለማታ ሙዚቃ ደግሞ ፍሬንችመን ስትሪት ይሻላል። ከአንዱ ቤት ወጥቶ ሌላው መግባት ነው። ባልዲ ሲዞር ግን ብር ጣል አድርጉ፤ ለሙዚቀኛው እንጀራው ነው።

«ልጄ ከአሜሪካ ቪዲዮ ልካልኝ አየሁ። ሬሳ ሸኝተው ሲመለሱ ጥሩምባ እየነፉ ይጨፍራሉ። ይኼ ነውር አይደለም ወይ? ለሟች አያዝኑም?» (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

እናቴ፣ ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኛል። ያዝናሉ። እንዲያውም በደንብ ያዝናሉ።

ቪዲዮው የሚያሳየው መጨረሻውን ነው። መጀመሪያውን ቢያዩት ኖሮ እንባዎን አይቆጣጠሩም። አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ባንዱ ከፊት ይቆማል። ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑ፣ ትልቁ ቱባ ሁሉም ቀስ ያለ መዝሙር ይጫወታሉ። እርምጃው በጣም ዝግ ያለ ነው። አንድ እግር ያነሳሉ፣ ይቆያሉ፣ ያሳርፋሉ። ቤተሰቡ ከኋላ ያለቅሳል። ልክ እንደኛ የቀብር ሽኝት ነው። ሟቹ ሲቀበር ወይም ሬሳው ከሰልፈኛው ሲለይ ግን ከበሮው ይቀየራል። ነፍሱ ከዚህ ዓለም መከራ አረፈች ብለው ነው የሚጨፍሩት። መሀረብ ያውለበልባሉ፣ ጃንጥላ ይዘው ይዘልላሉ። ከባንዱና ከቤተሰቡ ኋላ የሚከተለውን ሰው «ሁለተኛው መስመር» ይሉታል። መንገደኛም ይቀላቀላል።

አሁን የሚያስገርምዎትን ልንገርዎ። ይህንን ልማድ ያቆየው እድር ነው። ስሙ ሌላ ነው እንጂ ሥራው እድር ነው። ከባርነት የወጡት ጥቁሮች ኢንሹራንስ የሚሸጥላቸው አልነበረም። ስለዚህ በየሰፈሩ ማኅበር አቋቋሙ። ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። አባል ሲታመም ሐኪም ይከፍላሉ፣ ሲሞት ይቀብራሉ፣ ባንድም ያቆሙለታል። ማኅበራቱ ዛሬም አሉ። ከበጋው ሙቀት ወራት በቀር አብዛኛውን እሁድ ከሰዓት በኋላ አንዳቸው በዓመታቸው ተራ ሰልፍ ይወጣሉ። ከጫማ እስከ ባርኔጣ አንድ ዓይነት ቀለም ለብሰው ለሰዓታት በሰፈራቸው ይዞራሉ። መንገዱን ደብሊው ደብሊው ኦ ዚ የሚባለው የከተማው ሬዲዮ ይናገራል፤ ማንም መከተል ይችላል።

እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ትዝ ያለኝ የልጅነቴ ሰፈር ነው። ገና ሳይነጋ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ በየበሩ ሲያልፍ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ። እዚያም ጥሩምባ ነው የሚጠራው። እዚያም ጎረቤት ነው የሚቀብረው።

«እኛ አሳማ አንበላም፣ ሽሪምፕም አንነካም። ጾምም ሲመጣ አለ። እዚያ ሄደን ምን እንብላ?» (ከአትላንታ)

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። የከተማው ምግብ ግማሹ ቋሊማ፣ ግማሹ ሽሪምፕና ሸርጣን ነው። ያለ ጥያቄ አትዘዙ። ቀይ አደንጓሬ በሩዝ ሲባል የጾም ይመስላል፤ አይደለም። ድሮ ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ስለነበር ሴቶቹ ከእሁድ የተረፈውን የአሳማ አጥንት ከአደንጓሬው ጋር ጥደው ነበር የሚያጥቡት። ዛሬም የሚሠራው በአሳማ ነው። «ቪጋን» የምትለዋን ቃል ተጠቀሙ፤ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል።

ጋምቦ የሚባለው ወጣቸው ግን ምን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ፣ ባትበሉትም። ዱቄት በዘይት ቡናማ እስኪሆን ይማሰላል። ዓይን ከድስቱ ላይ አይነሳም፤ ካረረ ይደፋል። የኛን ቁሌት አስቡት። ከዚያ ሽንኩርት፣ ሴለሪ፣ ቃሪያ ይገባል። ብዙዎች የሚያወፍሩት በባሚያ ነው። «ጋምቦ» የሚለው ስም ራሱ አፍሪካውያን ባሚያን ከሚጠሩበት ቃል እንደመጣ ይታመናል። በቅጠላ ቅጠል የሚሠራም አለ፤ የካቶሊኮች የጸሎተ ሐሙስ ምግብ ነው። ትሬሜ ሰፈር በ1941 የተከፈተው ዱኪ ቼዝ ምግብ ቤት በእሱ ይታወቃል። በ2019 ያረፉት ወይዘሮ ሊያ ቼዝ ለዘመናት ያበሰሉበት ቤት ነው። መለያየት ሕግ በነበረበት ጊዜ ጥቁርና ነጭ የመብት ታጋዮች ፎቅ ላይ አብረው እየበሉ ይመክሩ ነበር። ነገር ግን እዚያም ጋምቦው ሥጋ አለውና ጠይቁ።

«ቡናቸው እውነት ቡና ነው? አንዴ ቀመስኩና መድኃኒት መድኃኒት አለኝ።» (ከሂዩስተን)

ቺኮሪ ስላለው ነው። የተቆላ የተክል ሥር ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወደቡ ሲዘጋ ቡና ስለጠፋ በዚህ አበዙት። ከዚያም ለመዱት። ያለ ወተት አይሆንም። በትኩስ ወተት ከቀላቀሉት፣ ስኳር ከተነሰነሰበት ቤኜ ጋር ይሄዳል። ቤኜ ማለት በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ነው። ጾመኛ ከሆኑ ግን ይለፍዎት፣ ሊጡ ወተት አለው።

«ማርዲ ግራ ልጅ ይዞ የሚኬድበት ነው? ዓላማውስ ምንድን ነው?» (ሁለት ልጆች ያሏት እህት፣ ከዳላስ)

እህቴ፣ ቅበላ ነው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የነሱ ዐቢይ ጾም ረቡዕ ይገባል፤ ማክሰኞ ይበላል፣ ይጠጣል። ስሙም «የስብ ማክሰኞ» ማለት ነው። ወቅቱ የሚጀምረው ጃንዋሪ 6፣ በነሱ ጥምቀት ቀን ነው።

ልጅ ይዞ ይኬዳል። ቦታ መምረጥ ነው ጉዳዩ። በርበን አትሂጂ። ሴንት ቻርልስ ጎዳና ላይ ቁሚ፤ ቤተሰብ የሚወጣው እዚያ ነው። አባቶች መሰላል አናት ላይ የእንጨት ወንበር ቸንክረው ልጆቻቸውን ያስቀምጣሉ። ልጆቹ ከሰው ራስ በላይ ሆነው ከሰልፉ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚወረወረውን ጨሌ ይቀልባሉ። ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ መሬት ላይ የወደቀ ጨሌ ሊያነሱ ወደ ተሽከርካሪው እንዳይሮጡ እጃቸውን ያዢ።

«ካትሪና ካጠፋቻት በኋላ ምን ቀረ?» (ከአዲስ አበባ)

ብዙ ቀረ፣ ብዙም ሄደ። ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ማዕበል ይዞ ሲመጣ የውሃ መከላከያ ግንቦቹ ተደረመሱ። ከከተማዋ 80 በመቶው ውሃ ውስጥ ገባ። በ2000 ቆጠራ ወደ 485 ሺህ ሰው ነበራት፤ በ2020 ወደ 384 ሺህ ወርዷል። በርበን ስትሪት ያለበት አሮጌው ሰፈር፣ ፍሬንች ኳርተር፣ ከፍ ያለ መሬት ላይ ስለሆነ ተርፏል። ሎወር ናይንዝ ዋርድ በሚባለው ሰፈር ግን ዛሬም ቤት የነበረበት ቦታ ሣር በቅሎበታል። የቀረው የሲሚንቶ ደረጃ ብቻ የሆነ ግቢ አይቻለሁ። ሦስት ደረጃ ወጥተህ የምትገባበት ቤት የለም። እባካችሁ እዚያ ሰፈር በአውቶቡስ እየዞራችሁ ፎቶ አታንሱ። ሰው ይኖርበታል።

«የአሥር ዓመት ልጄንና አባቴን ይዤ ልሄድ ነው። ልጁ እዚህ ተወልዶ የጥቁሮችን ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። አባቴ ደግሞ ብዙ መራመድ አይችሉም። ከየት ልጀምር?» (ከአትላንታ)

ወንድሜ፣ ከትሬሜ ጀምር። ቅዱስ አውግስጢኖስ የሚባል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1841 ነጻ የሆኑ ጥቁሮች የመሠረቱት ነው። ከጎኑ፣ ግድግዳው ሥር፣ ያልታወቀው ባሪያ መታሰቢያ ቆሟል። ከወፍራም የብረት ሰንሰለት የተሠራ መስቀል ነው። የእግርና የእጅ እግረ ሙቆች ተንጠልጥለውበታል። የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። አንዱን እግረ ሙቅ ይዛ በውስጡ እጇን ልታስገባ ሞከረች። ትንሽ ነበር። «ይሄ የልጅ ነው እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የእርስ በርስ ጦርነቱ እስኪመጣ ድረስ ይህች ከተማ የአገሩ ትልቋ የባሪያ ገበያ ነበረች፤ ልጅም ይሸጥ ነበር። ያን ዕለት ያንን አልነገርኳትም። ማታ ላይ ራሷ ስትጠይቀኝ ነገርኳት።

ከዚያ ፕሬስና ሮያል መንገድ የሚገናኙበት ውሰደው። ጥቁር ተብሎ የሚቆጠረው ሆሜር ፕለሲ በ1892 ለነጮች በተለየ የባቡር ፉርጎ ተቀምጦ የተያዘበት ቦታ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 ፈረደበት፤ በዚያ ፍርድ የተነሳ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ መማር እስከ 1954 ድረስ ሕጋዊ ሆኖ ቆየ። ፕለሲ ምሕረት ያገኘው በ2022 ነው፣ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ። ሩቢ ብሪጅስ የተባለች ጥቁር ልጅ በ1960፣ በስድስት ዓመቷ፣ በፌደራል ፖሊሶች ታጅባ የገባችበት የነጮች ትምህርት ቤትም እዚያው ከተማ ነው። ግቢው ውስጥ ሐውልቷ አለ። ልጅህ ቁመቱን ከሷ ጋር ይለካ።

ለአባትህ የሴንት ቻርልስን የከተማ ባቡር እመክራለሁ። 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ዝርዝር ይዘህ ግባ። መግቢያው ደረጃ ስላለው ደግፋቸው። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ ከሆነ ግን በካናል ስትሪት የሚሄደው ቀዩ ባቡር ማንሻ አለው። አረንጓዴው ከ1920ዎቹ የቀረ ነው፤ ወንበሩ እንጨት፣ መስኮቱም የሚከፈት። በመስኮት በኩል አስቀምጣቸው። ዛፎቹን ቀና ብለው ይዩ። ከማርዲ ግራ ወራት በኋላም ጨሌው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ይወዛወዛል።