ከትወና የሚተርፈው

በቅርቡ ስለ ሙያዬ እንድናገር ከተጋበዝኩባቸው የቴአትር ተማሪዎች መካከል አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ በወጣትነትዎ የሠሯቸውን የቴሌቪዥን ድራማዎች የት ልናገኛቸው እንችላለን?» ስትል ጠየቀችኝ። «የትም» አልኳት። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ እኔ ግን ለዓመታት ተኝቶልኝ የነበረ ቁጭት ተቀሰቀሰብኝና የቀረውን ንግግሬን እንደ ነገሩ ጨረስኩት። ያን ቀን ያልነገርኳቸውን እነሆ ለእናንተ ለወጣት ተዋንያን ጻፍኩላችሁ።

በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። እኔ ወደ ስቱዲዮ በገባሁበት ጊዜ ምስሉ ገና ጥቁርና ነጭ ነበር፤ አብዛኞቻችንም የመጣነው ከሀገር ፍቅርና ከብሔራዊ ቴአትር መድረክ ስለሆነ ከካሜራው ፊት ቆመን እንኳ ድምፃችንን ኋላ ወንበር ለተቀመጠ ተመልካች እንደምናሰማ ሁሉ እንጮኽ ነበር። ያኔ ከሠራናቸው ድራማዎች በአንዱ ከእስር ቤት የተመለሰ ልጅ ሆኜ ተጫወትኩ። እናቴን የተጫወቱት፣ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የሠሩ፣ ሁላችንም «እትዬ» ብቻ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ ተዋናይት ነበሩ። ቀረጻው እንደ ዛሬው በቁርጥራጭ አልነበረም፤ አንዱን ክፍል ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ እንሠራዋለን፣ መጨረሻው ላይ የተሳሳተ ሰው ካለ ሁላችንም ወደ መጀመሪያው እንመለሳለን፣ በመብራቱ ሙቀት የቀለጠው ሜካፓችንም እንደገና ይቀባል።

በድርሰቱ መሠረት እትዬ ቡና ቀድተው ይሰጡኝና ስለ ናፍቆታቸው ገጽ የሚሞላ ቃለ ተውኔት ይናገራሉ። በልምምድ ጊዜ ሁሉ አንድ ቃል ሳያጎድሉ ሲሉት ሰንብተዋል። በቀረጻው ዕለት ግን ሲኒውን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ሲኒውን መልሰው ረከቦቱ ላይ አስቀመጡት፤ መዳፌን ገልብጠው ጥቂት ተመለከቱት፤ ከዚያም ሕፃን ልጅ ከጭቃ ሲገባ እንደሚጠረገው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። ያን ሁሉ ንግግር ዘለውት «ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል» አሉ፤ አለቀ። የእኔ መልስ በንግግራቸው ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር የምለው ጠፋኝና ዝም ብዬ ቡናውን ጠጣሁ። አዘጋጁ ቀረጻውን አላስቆመም። ሲያበቃ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ወርዶ «እትዬ፣ ያ ሁሉ ቃል የት ሄደ?» ሲላቸው «እናት ናት እንጂ ጠበቃ አይደለችም» ብለውት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ድራማው አንድ ምሽት ብቻ ታየ። እኛ ቤት ቴሌቪዥን ስላልነበረ ያየሁት ጎረቤት ቤት ከሰፈር ልጆች ጋር ተጨናንቄ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቅጂውን ፍለጋ ስሄድ ካሴቱ ላይ ሌላ ነገር እንደተቀረጸበት ተነገረኝ። ካሴት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ውድ ዕቃ በመሆኑ ደጋግሞ መጠቀም የዘመኑ ልማድ ነበርና በግል የምከሰው ሰው የለም። የሚያንገበግበኝም የራሴ አይደለም፤ እኔ ከዚያ በኋላ በቀለምም በዲጂታልም ተቀርጫለሁ። እትዬ ግን ዳግም ካሜራ ፊት ሳይቀርቡ አለፉ፤ ያ ጥበባቸውም ዛሬ የሚገኘው እንደ እኔ ባሉ ሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው።

ለዚህም ነው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ዕድለኛ ነበር የምለው። ያረፈው በ1982 ዓ.ም. ነው፤ ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የተቀዳው ድምፁ ስለተረፈ፣ መድረክ ላይ አንድም ቀን ያላዩት ወጣቶች ሳይቀሩ ገና አፉን ሲከፍት ይለዩታል። መድረክ ላይ ያየነው ሰዎች ግን ከድምፁ ጋር አካሉ ምን ይናገር እንደነበር እናውቃለንና፣ የተረፈው ግማሹ ብቻ መሆኑ ይቆጨናል።

እናንተ ዛሬ የማይቀረጽ ነገር የላችሁም። ልምምዱ፣ ሜካፑ፣ ምሳው ሳይቀር ቲክቶክ ላይ ይወጣል፤ ቃለ ተውኔቱ ግን ካሜራው ተተክሎ ሰው ሲጠብቅ ከስልክ ላይ ይነበባል። በአንድ ተከታታይ ድራማ አብሮኝ የሠራ ወጣት ስለ ገጸ ባሕርዩ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ስንት ትዕይንት እንዳለው ብቻ ቆጥሮ ሲሄድ አይቻለሁ። ይህን ስል ግን ያው ወጣት ከጥቂት ቀናት በኋላ የአባቱን ሞት በስልክ ሲሰማ በዓይኑ ብቻ የሠራውን እኛ በዚያ ዕድሜያችን ልንሠራው አንችልም ነበር፤ ደረታችንን እየደቃን ስቱዲዮውን ባናወጥነው ነበር። ስለዚህ «መጀመሪያ መድረክ፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ይደርሳል» እያልኩ ዓመታት ያስተማርኩት ነገር ለሁሉም እንደሚሠራ እርግጠኛ አይደለሁም። ለእኔ ሠርቷል።

ሰዓት አክብሩ፣ ድምፃችሁን ጠብቁ የሚለውን ሌሎች ይነግሯችኋል። እኔ የምለምናችሁ ውላችሁን እንድታነቡ ነው። በእኛ ጊዜ የቴአትር ቤት ተቀጣሪ ስለነበርን ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም በየወሩ ይመጣ ነበር፤ እናንተ የምትከፈሉት በሥራው ልክ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410 «ከዋኝ» ብሎ ተዋናዩን በመብት ባለቤትነት ያውቀዋል፤ ሆኖም ካፌ ውስጥ ማኪያቶ እየጠጣ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ገልጦ ለሚፈርም ሰው ዐዋጁ ብዙ አይጠቅመውም። ሥራው ስንት ጊዜ እንደሚተላለፍ፣ ወደ ዩቲዩብ ሲሄድ ምን እንደሚከፈላችሁ፣ ድምፃችሁን ሌላ ሰው ይተካው እንደሆነ፣ ለራሳችሁም አንድ ሙሉ ቅጂ እንደሚሰጣችሁ በጽሑፍ ይስፈር። ፕሮዲውሰሩ ቅጂ ስትጠይቁት ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ደግሞም ስልኩ እጃችሁ ላይ ሳለ፣ አንድም ቀን በወጉ ሳይቀረጹ ያረጁ ተዋንያን ዛሬም በየሰፈሩ አሉና ወደ እነሱ ሂዱ። «ትዝታዎን ይንገሩን» አትበሏቸው፤ ይህን ሁሉም ይጠይቃቸዋል። ከሠሯቸው ተውኔቶች አንዱን ትዕይንት እንዲጫወቱላችሁ ለምኗቸው፤ አጋር ቢያስፈልጋቸው ከመካከላችሁ አንዱ ይነሣ። ለድካማቸውም ክፈሏቸው።