ባንኩ ለተቆጣጣሪው የሚልከው ሪፖርት ለእኛስ ይታያል?

«አሜሪካ ያለው ባንኬ ለተቆጣጣሪ የሚያቀርበውን ማየት እችላለሁ ወይስ ሚስጥር ነው?» ላልከው፣ ሁለቱም ነው ወንድሜ።

በየሩብ ዓመቱ የሚገባው «ኮል ሪፖርት»፣ ማለትም የባንኩ የሂሳብ ሪፖርት፣ ክፍት ነው። ኤፍኤፍአይኢሲ (የአሜሪካ ባንክ ተቆጣጣሪዎች የጋራ ምክር ቤት) ድረ ገጽ ላይ የባንኩን ስም አስገብተህ በነፃ ታወርደዋለህ። መጀመሪያ «አርሲ-ቢ» የሚለውን ክፍል ክፈት። ባንኩ የያዛቸው ቦንዶች በመዝገቡ የተያዙበት ዋጋና የገበያ ዋጋቸው ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ሚስጥሩ ተቆጣጣሪዎቹ ለባንኩ ጤንነት የሚሰጡት «ካሜልስ» የሚባለው ነጥብ ነው። ከ1 እስከ 5 ይሰጣል፣ 5 የከፋው ነው። ባንኩ ራሱ እንኳ ሊያወጣው አይችልም። «4 አገኘ» ከተባለ ነገ ጠዋት ደጁ ላይ ገንዘብ ሊያወጣ የመጣ ሰው ሰልፍ ነው ብለው ተቆጣጣሪዎቹ ይፈራሉ።

እኔ ይሄ ምክንያት ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም። ሲሊከን ቫሊ ባንክን እይ። በ2022 መጨረሻ የመክፈያ ጊዜያቸው እስኪደርስ ሊይዛቸው ባሰባቸው ቦንዶች ላይ ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር የወረቀት ኪሳራ (ቢሸጣቸው እውን የሚሆን ኪሳራ) ነበረበት። ካፒታሉ፣ ማለትም የባለቤቶቹ ገንዘብ፣ ደግሞ 16 ቢሊዮን ገደማ! ቁጥሩ አደባባይ ላይ ነበር፤ አብዛኛው አስቀማጭ ግን ዞር ብሎም አላየው። ተቆጣጣሪዎቹ ጽፈውበት ያልተፈቱትን 31 ማሳሰቢያዎች ግን ያወቅነው ባንኩ ማርች 2023 ከወደቀ በኋላ፣ ኤፕሪል 28 ላይ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭ ሲያወጣው ነው።