ቢሾፍቱ ሐይቅ ብቻ ናት እንዴ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ ቢሾፍቱ ናቸው፣ ምን እንደነካችሁ እንጃ። በሉ እንጀምር።

"ደብረ ዘይት ነው ቢሾፍቱ የሚባለው? ከጓደኛዬ ጋር ተጣላን"
ቢሾፍቱ። ረዳቱ ደብረ ዘይት ብሎ ቢጣራም እዛው ነው የሚያወርድህ፣ ታረቁ።

አንዷ ደሞ ሐይቁ ላይ የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ አየሁ፣ መርዝ ለቀውበት ነው ወይ ትላለች
ሁሌ መርዝ አይደለም። እነ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ እንደውም ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ታች ያለው ውሃ ኦክስጅን የለውም፣ በብርዱ ወራት ላዩ ቀዝቅዞ ከታችኛው ጋር ሲደባለቅ ዓሣው አየር ያጥረዋል። ቢሆንም ለቅመሽ እንዳትጠብሺ፣ ለግብርና ቢሮ ንገሪ።

"ለዊኬንድ ሄደን ከሪዞርትና ከጀልባ ሌላ ምንም አላየንም፣ ለመሆኑ ታሪክ አላት?"
ይሄ ጥያቄ ያናድደኛል። አርብ ማታ ገብተህ እሁድ እስክትወጣ ከሪዞርቱ ግቢ ካልወጣህ ምን ልታይ ነበር ወንድሜ? ቢሾፍቱ እኮ የስራ ከተማ ናት። ከጣልያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉ እንደገና ሲደራጅ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን አብራሪዎች ያሰለጠነው እዚህ ነው፣ ዛሬም ጄት ሲያልፍ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ወሬውን አቁሞ ድምፁ እስኪያልፍ ይጠብቅና ካቆመበት ይቀጥላል፣ ቀና ብሎም አያይ። ቁንጮ ጤፍስ? የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ማኛን ዱከም ከሚባለው ምርታማ ዝርያ ጋር አዳቅሎ በ1998 ዓ.ም. ያወጣው ነው። ማዳቀል ስልህ ቀላል እንዳይመስልህ፣ የጤፍ አበባ በዓይን በደንብ የማትታይ ነገር ናት፣ የምትከፈተውም ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ ባለሙያው በጠዋት ተነስቶ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሮ በመርፌና በወረንጦ ነው የሚሰራው። አንተ ቁርስ ቡፌ ላይ ዘና ብለህ እንጀራ ፍርፍር ስትጨልፍ የማን ልፋት መሰለህ?

"ኦሮሞ አይደለሁም፣ ኢሬቻ ብሄድ ችግር አለው?"
ምን ችግር አለው፣ ነይ። ቅዳሜ ሆራ ፊንፊኔ አዲስ አበባ ነው፣ እሁድ ሆራ አርሰዲ ቢሾፍቱ። እርጥብ ሳርና አበባ ያዢ፣ በሌሊት ተነሺ፣ ምቹ ጫማ አድርጊ፣ መንገድ ስለሚዘጋ በእግር ብዙ ትሄጂያለሽ።

ከዱባይ የጻፈው ወንድማችን ደላላ "አዲሱ ኤርፖርት አጠገብ የገበሬ ቦታ አለ፣ ቶሎ ቀብድ ላክ" ብሎታል
እንዳትልክ! አየር መንገዱ አቡሴራ አካባቢ ኤርፖርት እየሰራ መሆኑ እውነት ነው፣ ደላላውም የሚበላው በዚሁ እውነት ነው። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ ስለዚህ የገበሬ መሬት "ገዛሁ" ብለህ የምትይዘው ወረቀት ነገ ማንም አይቀበልህም። መጀመሪያ ጠበቃ፣ እሱም ደላላው ያመጣልህ ሳይሆን ራስህ ፈልገህ ያገኘኸው ይሁን፣ ካርታና ፋይሉን መሬት አስተዳደር ሄዶ በአካል ያይልህ። ደላላው ስልክ ካበዛብህ ብሎክ አድርገው።